የኤልካርት ሥራ አጥነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አሜሪካ የሥራ ገበያ ሲወራ ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ ብቻ ይጠቀሳሉ። የሥራ አጥነት ቁጥር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ በትክክል መረዳት የሚፈልግ ግን ትንንሾቹን ከተሞች ቢያይ ይሻለዋል። ከእነሱ ሁሉ የኢንዲያናዋን ኤልካርት የመረጥናት፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለቱንም ጫፍ ስላየች ነው፤ በአገሪቱ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱንም፣ እጅግ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱንም። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤልካርት የት ናት? «ሜትሮፖሊታን አካባቢ» ሲባልስ ከተማዋ ብቻ ናት?

ኤልካርት በኢንዲያና ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሚሺጋን ድንበር አጠገብ ትገኛለች። በ2020 ቆጠራ መሠረት ከተማዋ ራሷ ያላት ሕዝብ 54,000 ገደማ ነው። የሥራ አጥነት ቁጥሩ የሚነገረው ግን ለከተማዋ ሳይሆን «ኤልካርት–ጎሸን» ለሚባለው ሜትሮፖሊታን አካባቢ ነው። ይህም የኤልካርት ካውንቲን (ከግዛት በታች ያለውን የአስተዳደር ክልል) በሙሉ ያጠቃልላል፤ የካውንቲው መቀመጫ ጎሸንን፣ ሚድልበሪን፣ ናፓኒን፣ ዋካሩሳን እና በመካከላቸው ያለውን የእርሻ መሬት ጭምር። በዚያው ቆጠራ የካውንቲው ነዋሪ 207,000 ያህል ነበር።

አንድ አካባቢ በአሜሪካ መንግሥት አሠራር ሜትሮፖሊታን ለመባል ቢያንስ 50,000 ሕዝብ ያለው የከተማ እምብርት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቃሉ ሲሰማ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሚታየው ሰው ካለ ምስሉን ያስተካክል። እዚህ የሚታየው የበቆሎ ማሳ፣ ዝቅ ያለ ሰፊ የፋብሪካ ጣሪያና የአሚሾች፣ ማለትም ከዘመናዊ መሣሪያ ርቀው የሚኖሩ የክርስቲያን ማኅበረሰብ አባላት፣ የፈረስ ጋሪ ነው።

ሕዝቡ የሚተዳደረው በምንድን ነው?

በፋብሪካ ሥራ። በካውንቲው ካሉት ሥራዎች ግማሽ ገደማው የማምረቻ ሥራ ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ይህ ድርሻ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ከተማዋ ቀድሞ በሙዚቃ መሣሪያ ትታወቅ ነበር፤ ዛሬም የነፋስ መሣሪያ ሠሪው ኮን ሰልመር ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ነው። ዋናው እንጀራዋ ግን አሜሪካውያን «አርቪ» የሚሉት፣ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። በመኪና የሚጎተት አለ፤ ራሱ ሞተር ያለውም አለ። በአሜሪካ ከሚመረቱት ከአሥሩ ስምንቱ ያህል የሚሠሩት በኢንዲያና ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ በዚህ ካውንቲና በዙሪያው ነው። ቶር ኢንዱስትሪስና ፎረስት ሪቨር ዋና መሥሪያ ቤታቸው ኤልካርት ነው።

ሥራው ሮቦት የበዛበት የመኪና ፋብሪካ ዓይነት አይደለም። ወለሉ በብረት ቻሲ ላይ ይዘረጋል፤ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም የግድግዳ ፍሬም ይቆማል፤ ቁም ሣጥኑ፣ ሽቦው፣ የውኃ ቧንቧው በሰው እጅ ይገጠማል፤ ጣሪያው በመጨረሻ ይጫናል። ሠራተኛው ጎሕ ሳይቀድ ይገባል። በብዙ ፋብሪካዎች ክፍያው በሰዓት ብቻ ሳይሆን ቡድኑ ባወጣው ምርት ብዛት ስለሚታሰብ፣ የዕለቱ ድርሻ ካለቀ ሰው ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትዕዛዝ በበዛ ጊዜ ይህ ክፍያ የኮሌጅ ምሩቅ የሚቀናበት ይሆናል። ትዕዛዝ ሲጠፋ ደግሞ በመጀመሪያ የሚቀንሰው የሠራተኛው ቁጥር ሳይሆን የሥራው ቀን ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

በ2008 እና በ2009 ምን ተፈጠረ?

ተንቀሳቃሽ ቤት ሰው ሳይገዛው ሊኖር የሚችለው ነገር ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በብድር ይገዛዋል፤ ከገዛው በኋላ ደግሞ ነዳጅ ይጠጣል። በ2008 ሦስቱም ነገሮች በአንድ ላይ መጡ፦ በበጋው ነዳጅ በጋሎን ከ4 ዶላር አለፈ፤ በመኸሩ ባንኮች ብድር ዘጉ፤ ቤቱን አስይዞ ለመበደር ያሰበው ሰው ቤቱ ራሱ ዋጋ አጣበት። ፋብሪካዎች በ2006 ለነጋዴዎች የላኩት ተንቀሳቃሽ ቤት በአገር አቀፍ ደረጃ 390,500 ነበር፤ በ2009 ወደ 165,700 ወረደ።

በኤልካርት ካውንቲ የሥራ አጥነቱ ምጣኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 በመቶ በታች ከነበረበት ከ15 በመቶ በላይ ዘለለ፤ በ2009 የጸደይ ወራት ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። የአገሪቱ ምጣኔ በዚያ ቀውስ ከፍተኛ የሆነው በጥቅምት 2009 ሲሆን እሱም 10 በመቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ሳምንት፣ የካቲት 9 ቀን 2009፣ ኢኮኖሚውን በመንግሥት ገንዘብ ለማነቃቃት የታሰበውን ሕግ ለማስረዳት ከዋሽንግተን ወጥተው የሄዱት ወደዚህች ከተማ ነው። ከአገሪቱ በፍጥነት ሥራ ያጣ አካባቢ ይህ መሆኑን የተናገሩትም በዚያን ዕለት ነው።

ለአንድ ኢንዱስትሪ ከተማ አደጋው ምን እንደሆነ ከሞናኮ ኮች ታሪክ መረዳት ይቻላል። ይህ ኩባንያ በ2008 በዋካሩሳ፣ በኤልካርትና በናፓኒ የነበሩትን ፋብሪካዎቹን ሲዘጋ ወደ 1,400 ሰዎች ሥራ አጡ። ዋና መሥሪያ ቤቱ የነበረው ኦሪገን ነው፤ ውሳኔው የተሰጠው ከአገሪቱ ማዶ፣ ዋካሩሳን በስም ብቻ በሚያውቁ ሰዎች ሊሆን ይችላል። የተዘጉት በሮች ግን የዳቦ ቤቱን፣ የፀጉር አስተካካዩንና የመኪና ጠጋኙን ገበያም ይዘው ነው የተዘጉት።

ታዲያ እንዴት አገገመች? ኤሌክትሪክ መኪና አዳናት ይባላል።

አላዳናትም። ተስፋው ትልቅ እንደነበር እውነት ነው። የኖርዌይ የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ ቲንክ በ2010 መጀመሪያ ኤልካርትን መረጠ፤ ከ400 በላይ ሥራ እንደሚፈጥርም ተነገረ። በሰኔ 2011 ኩባንያው ከሰረ። ከተማዋ ከአንድ ኢንዱስትሪ ጥገኝነት ትላቀቃለች የተባለበት ምዕራፍ በዚሁ አበቃ።

ያዳናት የጣላት ያው ነገር ነው። ወለድ ወረደ፤ ነዳጅ ረከሰ፤ ጡረታ የወጣው የአሜሪካ ትውልድ መንገድ ሊወጣ አማረው። የተላኩት ተንቀሳቃሽ ቤቶች በ2017 504,600 ደረሱ። ኦባማ በሰኔ 2016 ተመልሰው ሲመጡ ምጣኔው 4 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2018 ደግሞ ከ2 እስከ 3 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይዋዥቅ ነበር። ፋብሪካዎች እርስ በርስ ሠራተኛ የሚነጣጠቁበት፣ አዲስ ሰው ገና በገባበት ሳምንት ሌላው በር ጉርሻ ጨምሮ የሚወስድበት ጊዜ ነበር።

የማነቃቂያ ገንዘቡ ምንም አልሠራም ማለት አይደለም። መንገድ ተሠርቷል፤ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ደርሷል፤ የሥራ አጥነት ክፍያው ጊዜ ተራዝሞ ብዙ ቤተሰብ አሻግሯል። ፋብሪካውን የከፈተው ግን የሸማቹ መመለስ ነው።

በሚያዝያ 2020 ሥራ አጥነቱ ወደ 30 በመቶ ተጠጋ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ አተረጓጎሙ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጋቢት መጨረሻ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኢንዲያና ገዢ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ሲያዙ ፋብሪካዎቹ ከሞላ ጎደል በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆሙ። የአገሪቱ ምጣኔ በዚያ ወር 14.8 በመቶ ሲሆን የኤልካርት የዚያን እጥፍ ያህል ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ «ትመለሳላችሁ» ተብለው በጊዜያዊነት የወጡ ናቸው፤ በግንቦትም መመለስ ጀመሩ። በ2009 ከ20 በመቶው ውስጥ ቤቱን ያጣ፣ ጓዙን ጠቅልሎ የሄደ ብዙ ነበር፤ በ2020 30 በመቶው የጥቂት ሳምንታት ዕረፍት የሆነለት ብዙ ነው። ትንሹ ቁጥር ከትልቁ የከፋበት አጋጣሚ ነው።

ከዚያ የመጣው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነበር። አውሮፕላንና ሆቴል የፈራው አሜሪካዊ የራሱን አልጋ እየጎተተ መሄድን መረጠ። በ2021 የተላኩት ተንቀሳቃሽ ቤቶች 600,240 ሆኑ፤ በኢንዱስትሪው ታሪክ ይህን ያህል ታይቶ አይታወቅም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የካውንቲው ሥራ አጥነት ከ2 በመቶ በታች ነበር።

ከ2021 በኋላ ምርቱ በግማሽ ገደማ ወረደ። ሥራ አጥነቱ እንደ 2009 ያልናረው ለምንድን ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ጠቃሚው ይህ ይመስለናል፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንመልሰው።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በመጋቢት 2022 ወደ ዜሮ ተጠግቶ የነበረውን ወለድ ማሳደግ ጀምሮ በሐምሌ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው። በሰኔ 2022 የነዳጅ ዋጋ በአገር አቀፍ አማካይ በጋሎን ከ5 ዶላር አለፈ። በ2023 የተላኩት ተንቀሳቃሽ ቤቶች 313,174 ብቻ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው 48 በመቶ ዝቅ ያለ ነው። ከ2006 እስከ 2009 የነበረው ቅናሽ 58 በመቶ ያህል እንደሆነ ስናስታውስ፣ ሁለቱ ውድቀቶች በጣም የተራራቁ አይደሉም። የሥራ አጥነቱ ምጣኔ ግን ከፍ ቢልም ሁለት አሃዝ እንኳ አልገባም።

የመጀመሪያው ምክንያት ከላይ ያዙልን ያልነው ነው። ፋብሪካዎች ሰው ከማሰናበት ቀን መቀነስን መረጡ። በ2021 ቅዳሜን ጨምሮ ይሠራ የነበረ ሰው በ2023 በሳምንት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይገባል። ገቢው በእጅጉ ወርዷል፤ በስታቲስቲክስ ግን ሥራ አለው። በሳምንቱ ለክፍያ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ተቀጣሪ ተብሎ ይቆጠራልና። ቤት ኪራይ የሚከፍለው ሰው «ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ነው» የሚለውን ዜና ሲሰማ የሚበሳጨው በዚህ የተነሳ ነው፤ ብስጭቱም አግባብ ነው።

ሁለተኛው፣ አምራቾቹ በወረርሽኙ ማግስት ሠራተኛ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ቀምሰው ነበር። የሰለጠነ ቡድን በትኖ እንደገና መሰብሰብ ዋጋ እንዳለው ስላወቁ ጨክነው አልበተኑም።

ሦስተኛው፣ የቀረው አገር አልወደቀም። በ2009 ከፋብሪካ የወጣ ሰው የሚሄድበት አልነበረም፤ የቤት ግንባታው፣ የመኪና መለዋወጫ ሥራው፣ መጋዘኑ ሁሉም ሰው እየቀነሰ ነበር። በ2023 በኢንዲያና ያሉት የአካባቢው ከተሞች ሳውዝ ቤንድም ሆነ ፎርት ዌይን ይቀጥሩ ነበር። ከኤልካርት የወጣ ሰው ሥራ አጥ ሆኖ ከመቆጠሩ በፊት ሌላ በር አገኘ።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚቆጠረው ሰው በሚኖርበት ቦታ ነው፤ በሚሠራበት አይደለም። ወደ ኤልካርት ፋብሪካዎች በየማለዳው የሚጎርፈው ሠራተኛ ብዙው ከካውንቲው ውጭ የሚያድር ነው፤ ከምዕራቡ ከሴንት ጆሴፍ ካውንቲ፣ ከምሥራቁ ከላግሬንጅ፣ ከሰሜኑ ከሚሺጋን ካስ ካውንቲ ይመጣል። ሚድልበሪ ያለ ፋብሪካ ሃምሳ ሰው ቢያሰናብት፣ ሃያው በሌላ ካውንቲ፣ ምናልባትም በሌላ ግዛት ቁጥር ላይ ይታያል። ኤልካርት ሥራውን ታጣለች፤ ሥራ አጦቹን ግን ለጎረቤት ታካፍላለች። ስለዚህ የዚህችን ከተማ ጤንነት ማወቅ የፈለገ ሰው የሥራ አጥነቱን ምጣኔ ብቻ ሳይሆን፣ በሥራ ቦታ የሚቆጠረውን የደመወዝተኞች ብዛት ጎን ለጎን ማየት አለበት።

በመጨረሻም ጥሎ የሚሄድ አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሥራ ያለው ወይም የሚፈልግ መቶ ሰው ባለበት መንደር አሥሩ ሥራ ቢፈልጉና ቢያጡ ምጣኔው 10 በመቶ ነው። ከአሥሩ አምስቱ ተስፋ ቆርጠው ቴክሳስ ቢገቡ፣ የቀሩት ዘጠና አምስት፣ ሥራ አጦቹ አምስት ይሆናሉ፤ ምጣኔው ወደ 5.3 በመቶ ወረደ ማለት ነው። አንድም ሥራ አልተፈጠረም። ይህ በ2009 እና 2010 በኤልካርት የታየ ነገር ነው፤ ያኔ ምጣኔው መውረድ ሲጀምር ጉዳዩ ሁሉ የማገገም ብቻ አልነበረም።

በመንግሥት አቆጣጠር «ሥራ አጥ» ማን ነው? ክፍያ የማይቀበል አይቆጠርም የሚባለውስ?

ስህተት ነው፤ ግን በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ሥራ አጥ የሚባለው በመጠይቁ ሳምንት ምንም ያልሠራ፣ ሥራ ቢያገኝ ለመጀመር የሚችል እና ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ በተጨባጭ የፈለገ ሰው ነው። በጊዜያዊነት ወጥቶ መመለሻውን የሚጠብቅ ሰው ግን ሌላ ሥራ ባይፈልግም ይቆጠራል። የሥራ አጥነት ክፍያ መቀበልና አለመቀበል በትርጉሙ ውስጥ የለም።

የማይቆጠረው ሌላ ነው፦ መፈለግ የተወ፣ ትምህርት የገባ፣ ሕፃን ልጅ የምታሳድግ እናት፣ ታሞ የተኛ። እነዚህ «ከሠራተኛው ኃይል ውጭ» ይባላሉ።

ለትንሽ ከተማ ቁጥሩ እንዴት ይገኛል?

በቤት ለቤት ጥያቄ ብቻ አይገኝም። የአገር አቀፉ ወርሃዊ መጠይቅ የሚላከው ወደ 60,000 ለሚሆኑ ቤተሰቦች ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለአንድ ትንሽ ካውንቲ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ምጣኔ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከግዛቱ ጋር ሆኖ የግዛቱን ግምት፣ የሥራ አጥነት ክፍያ ጥያቄዎችን፣ የአሠሪዎችን የደመወዝ መዝገብና የሕዝብ መረጃን አዋሕዶ ያሰላዋል። የምታዩት ቁጥር ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነው ማለት ነው። የክፍያ ጥያቄ ትርጉሙ ውስጥ ባይኖርም በስሌቱ ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቁጥሩ በየዓመቱ መጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታረማል። የ2009 ከፍተኛው ምጣኔ በአንዱ ጽሑፍ 18፣ በሌላው 20 ሆኖ ብታገኙት አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ አንዱ የያኔውን፣ ሌላው የታረመውን ይዞ ነው። ሁለተኛ፣ የካውንቲው የሠራተኛ ኃይል ከ100,000 ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ፣ አንድ የመቶኛ ነጥብ ማለት አንድ ሺህ ከምናምን ሰው ነው። አንድ ፋብሪካ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ በቁጥሩ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ቺካጎ ላይ ተመሳሳዩ ቢሆን ማንም አያስተውለውም።

ካለፈው ወር ጋር ማወዳደር ይቻላል?

አይመከርም። በብዛት የሚጠቀሰው የትንንሽ ከተሞች ምጣኔ የወቅት ማስተካከያ ያልተደረገበት ነው። ፋብሪካዎቹ በሐምሌ መጀመሪያና በገና ሰሞን ይዘጋሉ፤ ተማሪ በበጋ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ሰኔን ከሰኔ፣ ጥርን ከጥር አወዳድሩ።

አሚሾችስ? ኤሌክትሪክ የማይጠቀሙ ሰዎች ፋብሪካ ምን ይሠራሉ?

ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። የኤልካርትና የላግሬንጅ አሚሾች ከአሜሪካ ሦስተኛው ትልቁ የአሚሽ ሠፈራ ናቸው፤ የእርሻ መሬት ሲወደድና ሲጠብ ብዙ ወንዶች ወደ ፋብሪካ ገቡ። በብስክሌት ወይም በኪራይ ቫን ይመጣሉ፤ በእንጨት ሥራ ያደጉ ስለሆኑ ይፈለጋሉ። በ2008 እና በ2009 ፋብሪካ ሲዘጋባቸው ከመንግሥት ገንዘብ መውሰድ ከእምነታቸው ጋር የሚጋጭ ሆኖ የተሰማቸው ብዙ ነበሩ፤ ይህን ወደ ጎን ብለው የወሰዱም አሉ። አንዳንዶቹ ጓሯቸው ውስጥ የቤት ዕቃ መሥሪያ ከፈቱ። የራሱን ሥራ የጀመረ ሰው ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ ሥራ አጥ አይባልም፤ ይህም ከቁጥሩ ጀርባ ከሚደበቁት ነገሮች አንዱ ነው።

«ኤልካርት ካስነጠሰች አሜሪካ ይታመማል» ይባላል። እውነት ትንቢት ናት?

ግማሹ እውነት ነው። የተንቀሳቃሽ ቤት ሽያጭ መውረድ የጀመረው በ2007፣ ታላቁ ቀውስ በይፋ የጀመረው በታኅሣሥ 2007 ነው፤ በ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስም ይህ ኢንዱስትሪ ቀድመው ከተመቱት ነበር። ሰው ሲሰጋ መጀመሪያ የሚተወው የቅንጦት ዕቃ ስለሆነ ነገሩ ምክንያት አለው። ነገር ግን ከ2017 እስከ 2019 ሽያጩ በ20 በመቶ ያህል ሲወርድ ብዙ ተንታኝ ቀውስ መጣ ብሎ ጻፈ፤ አልመጣም። በመጨረሻ ወረርሽኙ መጣ፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ተንቀሳቃሽ ቤት አልተነበየውም። በ2022 እና 2023 ከዚያ የበለጠ ወረደ፤ አሁንም አገራዊ ቀውስ አልተከተለም። እንደኛ ግምት ኤልካርት የምትናገረው ስለ ወለድና ስለ ነዳጅ ዋጋ ነው፤ ስለ አሜሪካ ኢኮኖሚ በሙሉ ስትናገር አትታመንም።

ዘመድ «እዚያ ሥራ ሞልቷል» ይለኛል። ልሂድ?

የሥራ አጥነቱን ምጣኔ አይታችሁ አትወስኑ፤ ዘግይቶ የሚናገር ቁጥር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ ሰው አግኝታችሁ በዚህ ወር በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገባ ጠይቁት። አምስት ቀን ሙሉ ከሆነ ገበያ አለ፤ አርብ ከተዘጋ ተጠንቀቁ። ተንቀሳቃሽ ቤት የሚሸጡ ነጋዴዎች ግቢ ያለፈው ዓመት ሞዴል ሞልቶ ከታየም ፋብሪካው በቅርቡ እንደሚቀዘቅዝ ገምቱ።

ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ ፍጥነቱ ከባድ ነው፤ ጀርባና ትከሻ ይጎዳል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የሠራተኛ ማኅበር የላቸውም። በሌላ በኩል ዲፕሎማ ሳይጠይቁ ይቀጥራሉ፤ ቋንቋ ገና የሚማር ሰውም ይገባል። ለብዙ ስደተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእኛ ሰዎች ዘንድ ለሚወደደው የሹፍርና ሥራም አንድ ቃል። የተሠሩትን ተንቀሳቃሽ ቤቶች በየግዛቱ ወዳሉ ነጋዴዎች የሚያደርሱ ሾፌሮች በአካባቢው ብዙ ናቸው፤ በራሳቸው ፒክአፕ የሚጎትቱም አሉ። አብዛኞቹ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በራሳቸው ስም የሚሠሩ ተቋራጮች ናቸው። ገበያ ሲወድቅ ጭነት ያጣሉ፤ የመኪና ዕዳው ግን አይቆምም፤ መደበኛው የሥራ አጥነት ክፍያም እንደነሱ ያለውን አይሸፍንም። በወረርሽኙ ጊዜ ለግል ሠሪዎች ተከፍቶ የነበረው ልዩ ፕሮግራም በመስከረም 2021 አብቅቷል።

ከሥራ ከተቀነስኩ ምን አገኛለሁ?

በኢንዲያና የሥራ አጥነት ክፍያ ጣሪያ በሳምንት 390 ዶላር፣ ረጅሙ ጊዜ 26 ሳምንት ነው። ማመልከቻው የሚገባው ለግዛቱ የሠራተኛ ኃይል ልማት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ አንዱን ሳምንት የዘለለ ሰው የዚያን ሳምንት ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። በሚሺጋን እየኖረ ኤልካርት ይሠራ የነበረ ሰው የሚያመለክተው በሠራበት ግዛት በኢንዲያና ነው። ሙሉ በሙሉ ባይቀነስም ቀኑ ያነሰበት ሠራተኛ በከፊል ሊያገኝ ስለሚችል፣ «ሥራ አለኝና አይመለከተኝም» ብሎ መተው አይገባም።

በ2020 በሳምንት 600 ዶላር ይጨመር የነበረው የፌዴራል ገንዘብ በዚያው ዓመት በሐምሌ ቆሟል። እስካሁን ስለሱ የሚጠይቁን አሉ።

ፋብሪካ ሲዘጋ አስቀድሞ መናገር ግዴታ አይደለም ወይ?

100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ፋብሪካ ሲዘጋ ወይም በጅምላ ሲያሰናብት 60 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ እንዳለበት በ1988 የወጣ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ሕጉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ያልተጠበቀ የንግድ ሁኔታ ሲያጋጥም ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ዕገዳም ብዙውን ጊዜ አይነካውም። ማስታወቂያዎቹ ለግዛቱ ስለሚደርሱና ለሕዝብ ስለሚወጡ፣ የሥራ አጥነት ቁጥሩ ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት ማንም ሊያያቸው ይችላል።

የየወሩ ቁጥር መቼ ይወጣል?

የአገር አቀፉ ምጣኔ ብዙውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ይወጣል። የሜትሮፖሊታን አካባቢዎች ከዚያ ሳምንታት ዘግይተው ይከተላሉ። በሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮው ገጽ ላይ «ኤልካርት–ጎሸን፣ ኢንዲያና» ብላችሁ ፈልጉ፤ ከጎኑ የሚጻፈው ምልክት ቁጥሩ ጊዜያዊ እንደሆነ ከገለጸ በሚቀጥለው ወር ሊስተካከል ይችላል።